ብሩኬና የሽመናው ጉድጓድ

ጥቅምት 8 ቀን 1989፣ ዓርብ

ባለቤቴ ብርቅዬ የጠዋት ፈረቃ ገባች። የፋብሪካው ሰርቪስ እኛ ሠፈር፣ ሲቀላ፣ ሲደርስ ገና ወፍ አልተንጫጫም። "ልጅቷን አደራ" ብላ ወጣች። ከደጅ ተመልሳ ደግሞ "አደራ ካሱ!" አለችኝ። ኧረ ባክሽ! የሰው ልጅ ነው እንዴ የያዝኩት? የራሴን ነው።

ያዝኳት እንግዲህ። ምን ይከብዳል? ድሮም የምውለው ቤት ነው። ሸማኔ የት ይሄዳል? እግሬን ጉድጓዴ ውስጥ ከትቼ፣ መርገጫውን እየረገጥኩ፣ መወርወሪያዬን ስወረውር እውላለሁ። እሷ ምንጣፏ ላይ ናት፣ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር። ክር የሚጠመጠምበትን ባዶ ቀሰም ሰጠኋት፣ ስታኝከው ዋለች። ቀትር ላይ ገንፎ በላች፣ ተኛች። በቃ። ጋቢውም ገሰገሰ።

ብርቅዬ ስትመለስ "አስቸገረችህ?" አለችኝ። "ማ? ይቺ?" ብዬ ሳቅሁ። ለመስቀል ዶርዜ ስንወጣ አማቴ "ወንድ ልጅ ይይዛል ደግሞ!" እያሉ ሲያሽሟጥጡኝ ነበር የሰነበቱት። ምነው አሁን መጥተው ባዩኝ!

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ዳኸች! ብርቅዬ እልልታዋን ስታቀልጠው አከራያችን ጋሽ ልዑልሰገድ ከዋናው ቤት በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዋና ሥራቸው እኛን መጎብኘት ነው። ከጎንደር ለግብርና ሥራ መጥተው እዚሁ አርባ ምንጭ አረጁ። ልጅቷን "ብሩክታዊት" ያሏትም እሳቸው ናቸው። ስሙ ከባለቤቷ ስለረዘመ እኛ ብሩኬ እንላታለን።

"እንግዲህ መጠንቀቅ አሁን ነው" አሉኝ፣ ጉድጓዱን በከዘራቸው እያሳዩ።

"ጋሼ፣ እኔ እዚያው አይደለሁ እንዴ የምቀመጠው? ማን በላዬ አልፎ ይገባል?"

እኛ ዶርዜዎች እንደሆን ሁላችንም ያደግነው ጉድጓድ ዳር ነው። ማን ሞተ?

ጥቅምት 12

ፍጥነቷ! ዞር ስል በር ላይ። ዞር ስል አልጋ ሥር። አሁንስ የት ገባች? ... እሺ፣ አገኘኋት። ጫማዬን እየበላች ነው።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ



ወደቀች። ጉድጓዱ ውስጥ።

በር ተንኳኳ። ጋቢውን ያዘዘችኝ ሴትዮ ናት። ተነሥቼ ደጃፍ ላይ ስለ ጥለቱ አወራን። ቀይ ይሁን... ቢጫ ጣል ይደረግበት... እኔ ደግሞ ስለ ጥለት ወሬ ከጀመርኩ! ከኋላዬ "ዷ!" የሚል ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ... አምላኬ። ከዚያ ጮኸች። የልጅ ለቅሶ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።

መርገጫው ላይ በግንባሯ ተደፍታ አገኘኋት። ከንፈሯ ደምቷል፣ ግንባሯ እያየሁት ያብጣል። አቅፌ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ጋሽ ልዑልሰገድ "ጫማህን! አንተ ሰውዬ ጫማህን!" እያሉ ጫማዬን አንጠልጥለው እስከ ጤና ጣቢያ ተከተሉኝ።

ጤና ረዳቷ ዓለምጸሐይ ትባላለች። "ከምን ላይ ወደቀች?" አለችኝ።

"ጉድጓድ ገብታ።"

"የምን ጉድጓድ?"

"የቤት።"

"ቤት ውስጥ ጉድጓድ አላችሁ?"

"አዎ እህቴ። እኔ ነኝ የቆፈርኩት።"

ቀና ብላ አየችኝ። መሬት ብትሰነጠቅልኝ ሌላ ጉድጓድ እገባ ነበር።

ዓይኗን በባትሪ አየች፣ እጅና እግሯን አጠፈች፣ ዘረጋች። ደህና ናት አለች። ግን ካስመለሳት፣ ከፈዘዘች፣ ያለ ወትሮዋ እንቅልፍ ካበዛች ወዲያው ይዘሃት ና አለችኝ። ስወጣ ደግሞ "እኛ ጋ የምትመጡት ከወደቁ በኋላ ነው። ከመውደቋ በፊት ያለው ሥራ ያንተ ነው" አለችኝ። ጥሩ ሰው ናት።

ብርቅዬ መጣች። ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጇን አቅፋ ጉድጓዱን ስታየው ቆየች።

ጥቅምት 16

ደህና አደረች። ጠባች። ግንባሯ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዛ ትስቅብኛለች። እኔ ነኝ መሳቅ ያቃተኝ። ዛሬ አንድ ክንድ እንኳ አልሠራሁም።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ። አማቴ እማማ ባዩሽ መጡ።

ቅዳሜ ገበያ የወረደ ሰው ነው ወሬውን ይዞ የወጣው። ከዚህ ሲነሣ "ጉድጓድ ገባች" ነበር። ዶርዜ ሲደርስ "ገደል ገባች" ሆኗል። ምስኪን፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነው ከመኪና የወረዱት። ልጅቷ ሙዝ ስትበላ ሲያገኟት እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ተነሥተው ደግሞ ጉድጓዱን አዩት። ከዚያ እኔን።

"ይዣት እወጣለሁ" አሉ። "እኔ ቤት ጉድጓድ የለም። ሮጣ ስትጠነክር እመልሳታለሁ።"

"እማዬ ትጠባለች እኮ!" አለች ብርቅዬ።

"እንግዲያስ ሥራሽን ተይና አብረሽ ነይ።"

ብርቅዬ ፋብሪካ የገባችው ለሙከራ ነው፤ ሙከራዋ የሚያልቀው ገና ላይ። አሁን ከቀረች በቃ፣ ቀረች ማለት ነው። ስንት ደጅ ጠንታ ያገኘችው ሥራ! ጉድጓዱን ልድፈነው ብል ደግሞ እኔ ምን ሠርቼ ልበላ? ሌላ ቤት የለን፣ ሌላ ክፍል የለን።

ሽምግልና የገቡት ጋሽ ልዑልሰገድ ናቸው። ካፖርታቸውን ሁሉ ለብሰው መጡ፣ በዚህ ሙቀት! "እስከ ገና ጊዜ ስጧቸው" ብለው ለመኑ። አማቴ ብዙ አስበው "እሺ" አሉ። "ለገና እመጣለሁ። እስከዚያ እዚያ ጉድጓድ አንዴ ገባች ከተባለ ግን..."

አልጨረሱትም። ገብቶኛል።

ማታ ብሩኬ ደረቴ ላይ ተኛች። ይቺ ልጅ ሄዳ እኔ ማንን እያየሁ ልሸምን ነው? አትሄድም! ዶርዜ ድረስ? ደግሞ ትረሳኛለች። በዚህ ዕድሜያቸው ይረሳሉ አሉ።

ጥቅምት 21

አገኘሁት! ከጥጥ ወፍራም ገመድ ገምጄ አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ፣ ሌላውን የሽመናው ቋሚ እንጨት ላይ አሰርኩ። ለክቼ ነው ያሰርኳት፤ ብትሞት ጉድጓዱ ጋ አትደርስም። እንዲህ ነው ብልሃት!

ብርቅዬ አይታ "ፍየል ናት?" አለችኝ።

ጥቅምት 22

እውነት ነው፣ ጉድጓዱ ጋ አልደረሰችም። ድሩ ጋ ደረሰች። በሁለት እጇ ጨብጣ ሳበችው። የሰኞው ሥራ፣ የማክሰኞው ሥራ፣ ሁሉም ተጠላለፈ። ክር ስፈታ ዋልኩ። እሱስ ባልከፋ... ዞር ስል ገመዱ ከወገቧ ሸርተት ብሎ ወደ አንገቷ ወጥቷል። ክው አልኩ። በመቀስ ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።

ልጅ አይታሰርም። ለብርቅዬ ስነግራት "እግዜር ይስጥህ፣ ገባህ" ብላ አልፋኝ ሄደች።

ጥቅምት 27

ጋሽ ልዑልሰገድ አሮጌ የጓዳ በር ሰጡኝ። ስነሣ ጉድጓዱን እከድናለሁ፣ ስቀመጥ እከፍታለሁ። ክብደቱ የበሬ ነው። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ደግሞስ የምቀመጥ ጊዜ ማን ይከድነዋል? ከጎኔ መጥታ በእግሮቼ መሃል ቁልቁል ታያለች። እንደ ውኃ ጉድጓድ አጎንብሳ "አ!" ትላለች። ጉድጓዱ ይመልስላታል መሰለኝ፣ ትስቃለች።

ብርቅዬ በበኩሏ አልጋውን አወጣችው። ፍራሹን መሬት ላይ ዘረጋነው። በርጩማውን ከመስኮቱ ሥር አነሣች፣ ደጃፉ ደረጃ ላይ ጥጥ የሞላ ጆንያ አስቀመጠች። ቤታችን ሰው ገና ዛሬ የገባበት መሰለ። እሷ አንድ ነገር ስትይዝ እንዲህ ናት። ቀረ የተባለው ያው የእኔ ጉድጓድ ነው።

ኅዳር 3

ዛሬ አዝያት ሸመንኩ። አዎ፣ በነጠላ፣ እንደ እናት። ሠፈርተኛው በመስኮት ተሰለፈ። አንዷ "ካሱ፣ ጡቱስ?" አለችኝ። ይሳቁ! ልጄ አልወደቀችም። ግን መወርወሪያውን በወረወርኩ ቁጥር ጆሮዬን ይዛ "እኽ!" ትላለች፣ በሬ የምትነዳ ይመስል። ማታ ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ። ብርቅዬ ጀርባዬን በቅቤ እያሸች በሳቅ ሞተች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ መጀመሪያዋ ነው። ጀርባዬ ይቆረጥ፣ ደግ ነው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አባባ መጣ! አባቴ ኤርጫፎ፣ ከዶርዜ፣ በጭነት መኪና አናት ላይ ቀርከሃ ጭኖ። ማን ጠራው? "አማትህ አገሩን አዳረሱት እኮ" አለኝ። ቀርከሃውን አውርዶ ብሩኬን ትከሻው ላይ አወጣት፣ አወረዳት፣ ቁመቷን በክንዱ ለካ።

"ምን ልትሠራ ነው?" አሉት ጋሽ ልዑልሰገድ።

"ቤት።"

"ለማን?"

"ለእሷ ነዋ!"

ኅዳር 13

ቤት ሲባል ቤት! እኛ አገር እንዳለው ዓይነት፣ አናቱ ሾጠጥ ያለ፣ ከፊቱ እንደ አፍንጫ ወጣ ያለ በር ያለው፣ በቀርከሃ ተሸምኖ የተሠራ። ልዩነቱ የኔን ደረት ብቻ ማከሉ። አባባ ስንት ትልልቅ ቤት የሠራ ሰው ነው፣ ለዚህች አንዷን ስንጥር ሳይቀር ፍቆ አለስልሷታል። በሩን በቀርከሃ መዝጊያ ገጠመላት። ልጅቷ ውስጥ፣ ጉድጓዱ ውጭ። አለቀ!

የሠፈሩ ልጆች ሁሉ "እኔም ልግባ" ብለው ተሰለፉ። ባለቤቷን አስገባናት።

ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት! ትለምደዋለች አልን።

ኅዳር 14

አልለመደችውም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

አሁንም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ብሩኬ ቤቷ ውስጥ ስትጮህ ጋሽ ልዑልሰገድ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው መጡ። "በየትኛው ሕግ ነው ይቺን ልጅ ያሰራችኋት?" አሉ። "ቆይ፣ እኔ አባብላታለሁ።" ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ በዚያች በር ዳኸው ገቡ። ብሩኬ ዝም አለች! መነጽራቸውን አውልቃ አረፈች።

መውጣቱ ነው ጣጣው። ሆዳቸው ሲገባ እሺ ብሎ ሲወጣ እምቢ አለ። "ካሱ... እኔንጃ... ተያዝኩ መሰለኝ።" አባባ መሬት ላይ ተቀመጠ በሳቅ። ብርቅዬ ዕረፍቷ ነበር፣ ሆዷን ይዛ ግድግዳ ተደገፈች። በኋላ እኔና አባባ ወዲህና ወዲያ ይዘን ቤቱን እንዳለ ብድግ አደረግነው። እኛ አገርም ቤት ቦታ ሲቀይር እንዲሁ ተነሥቶ ነው የሚሄድ። ጋሼ መሬት ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ፣ ልጅቷ ጭናቸው ላይ።

ብርቅዬ ድንገት መሳቋን ተወች። "ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳታወርዱት" አለች።

"ኧረ ይከብዳል!"

"እሷ ምን አጠፋችና ነው የምትታጠረው? ጉድጓድ የሚወደው ሌላ ሰው!" ወደ ጉድጓዱ አሳየችን። "አንተ ግባ። አንተንና ጉድጓድህን እንጠርና እሷ ቤቱን ትናኝበት።"

እኔን? ያውም በገዛ ቤቴ? ... ግን ምን ስህተት አለው? ጉድጓዱ አንድ ቦታ ነው ያለው። ልጅቷ ናት የትም የምትሄደው። ለምን እስከዛሬ አልታየንም? እኔ፣ አባባ፣ አማቴ፣ ጋሼ፣ ስንት ራስ ተሰብስበን ያሰብነው እሷን ስለ መያዝ ብቻ ነው።

ኅዳር 16

አዲስ ጣጣ። አባባ አኮረፈ።

ቤቱ እንዳለ ጉድጓዱ ላይ አይቀመጥም፣ የሽመናው እንጨት አያስገባውም። አናቱ መቆረጥ አለበት። እንደዚያ ብዬ መጋዝ ሳነሣ አባባ ከእጄ ነጠቀኝ። "ቤት ከላይ ይቆረጣል?!" አለ። ከልቡ ነው የተቆጣው። እኛ ጋ ምስጥ የቤቱን እግር ሲበላ ሰው ተሰብስቦ ያነሣዋል፣ የተበላው ይቆረጥና ቤቱ አጠር ብሎ መልሶ ይቀመጣል። አናቱን ግን የሚነካ የለም። አባባ ይህችን ትንሽ ቤት እንደ እውነተኛ ቤት ነው የሠራት። ለልጅ ልጁ። እኔ ደግሞ መጋዝ ይዤ... አፈርኩ።

ሌላ ቀርከሃ እናምጣ ስለው "አምስት ቀን ሙሉ የሠራሁትን ለዶሮ ማደሪያ?" አለኝ። ራት አልበላም።

ኅዳር 17

ስነሣ አባባ ደጅ ቁጭ ብሎ እየቆረጠ ነው። ከታች! የቤቱን እግር ዙሪያውን፣ እስከ ታፋዬ ድረስ ያለውን፣ አንድ ላይ አወጣው። ሁለት ሆነ። ታች ያለው ቀጥ ያለ አጥር፣ ላይኛው አናቱ ያልተነካ ድንክ ቤት።

"ምስጥ በላው በል" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

አባባ! ሄጄ ጉልበቱን ሳምኩት። "ሂድ ወዲያ፣ ስንጥሩ ይወጋሃል" አለኝ።

ኅዳር 18

ታጠርኩ። ጉድጓዱ ጥግ ላይ ስለሆነ አጥሩ ከአንዱ ግድግዳ ተነሥቶ ሌላው ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ድሩ በግድግዳው በኩል ይዘረጋል። የቤቱ በር የነበረው አሁን የእኔ በር ነው። ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ወደ ውስጥ ቢገፉት አይሄድም፤ መቀርቀሪያው ከላይ ነው፣ እጇ አይደርስም። ጫፍ ጫፉን ብርቅዬ በጨርቅ ጠቀለለችው።

ጋሽ ልዑልሰገድ መጥተው አጥሩን ተደገፉና "ስንት ዓመት ፈረዱብህ?" አሉኝ።

ብሩኬ አልጮኸችም። ቤቱን ሙሉ ዳኸችበት። ድንኳ ቤት ውስጥ ስትፈልግ ትገባለች፣ ስትፈልግ ትወጣለች። በር ስለሌላት ነው መሰለኝ የወደደቻት። አንዴ መጥታ በቀርከሃው መሃል አየችኝ። እንዴት ነው ያየችኝ? ያዘነችልኝ መሰለኝ።

ኅዳር 26

ተማምኜ ነበር። ዛሬ አጥሩን ወጣች! አግድም የታሰሩትን ቀርከሃዎች ሁለቱን ረግጣ ሆዷ አጥሩ ላይ ደርሷል። ክሩን ጥዬ አፈስኳት። ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ወድቃ ቢሆንስ? የገና በዓል ሳይደርስ? ደግሞ እኔው ላይ ነበር የምትወድቅ፣ እሱም አንድ ነገር ነው... አይደለም፣ ምንም ነገር አይደለም።

አግድሞቹን ሁሉ ፈትቼ በውስጥ በኩል፣ በእኔ በኩል አሰርኳቸው። ከእሷ በኩል ቀጥ ያለ ብቻ፣ እግር የሚይዝበት የለም። አባባ ወደ አገሩ ሄዷል፣ ቢኖር "እንዴት አላየሁትም" ብሎ ይናደድ ነበር። ለብርቅዬ ነገርኳት። ድሮ ብሆን እደብቃት ነበር መሰለኝ። "ከመውደቋ በፊት አየህ" አለችኝ፣ በቃ። እንደዚያች ጤና ረዳት ነው የተናገረችው፣ አይተዋወቁም እኮ!

ታኅሣሥ 6

በወጣሁ ቁጥር በሩን እገፋና "ዘጋን!" እላለሁ። ለራሴ ነው የምለው፣ እንዳልረሳ። ብሩኬ ጨዋታ መሰላት። "ዘጋን!" ስል ትፍለቀለቃለች። ዛሬ ሳልቀረቅረው አንዴ እሷ ገፋችው። "ቋ!" ሲል ደስ አላት። እንደገና ክፈትልኝ ብላ ለቅሶ። ከፈትኩ፣ "ቋ!" ከፈትኩ፣ "ቋ!" ሥራ ፈታን። ጋሽ ልዑልሰገድ ከወዲያ ሆነው "ኧረ በሩን ተዉት ልተኛበት!" እያሉ ይጮሃሉ።

ታኅሣሥ 19

አጥሩን ይዛ ትሄዳለች! ቆማ፣ ወደ ጎን፣ እየተንሸራተተች፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። እኔ ውስጥ፣ እሷ ውጭ። ስትደርስ ትመለሳለች። እንደ ዘበኛ።

ጋቢው አለቀ። ሴትዮዋ ጥለቱን ወደደችው። ቀይ፣ ቢጫ ጣል የተደረገበት።

ታኅሣሥ 25

ገና ደረሰ። ብርቅዬ ስለ ሥራዋ ምንም አልተነገራትም። አማቴ "ሰኞ እመጣለሁ" ብለው በሰው ልከዋል። "የልጅቷን ልብስ አጥባችሁ ጠብቁኝ" ብለዋል አሉ። ለምን? ለበዓል? ወይስ ሊወስዷት? ብርቅዬ አጠበች። ስታጥብ አየኋት፣ አፏን ጥርቅም አድርጋ።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ፣ የገና ዋዜማ

ልጻፈው። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጉድጓዴ ውስጥ ነበርኩ። ለበዓል የታዘዘች ነጠላ ልጨርስ እየተጣደፍኩ። ብርቅዬ ሥራ ገብታለች። "ቤቶች!" ሲሉ ድምፃቸውን ሰማሁ። አማት ደጅ ቆማ ተቀምጦ የሚቀበል አለ? ዘልዬ ወጣሁ፣ ሮጥኩ፣ ጉልበት ሳምኩ፣ ቅርጫታቸውን ተቀበልኩ። ዶሮ አለ፣ ቆጮ አለ፣ ቅቤ አለ። "እንዴት ሰነበቱ፣ እንዴት ነው ዶርዜ፣ ብርዱስ..." ጋሽ ልዑልሰገድም መጡ፣ ሰላምታው ረዘመ።

"ልጄስ?" አሉ እማማ ባዩሽ።

ዞርን።

በሩን አልዘጋሁትም። ወለል ብሎ ተከፍቷል። ብሩኬ መዝጊያውን ይዛ ቆማለች፣ ልክ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ውስጥ ውስጡን እያየች።

ማናችንም አልጮኽንም። ብጮህ ትደነግጣለች፣ ብሮጥ ዘወር ስትል... አማቴ ክንዴን ጨብጠው ይዘውኛል፣ ጥፍራቸው እስካሁን አለ። አንድ እግሬን አነሣሁ። ቀስ። ጉድጓዱን አየች። እኔን አየችኝ። እንደገና ጉድጓዱን።

ከዚያ መዝጊያውን በሁለት እጇ ገፋችው። "ቋ!"

"ጋ!" አለች። "ጋ!" ዘጋን ማለቷ ነው። ወደ እኛ ዞራ ሳቀች።

በሁለት እርምጃ ደርሼ ቀረቀርኩት። እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀ፣ ወሰዷት አልኩ በሆዴ። አማት ዓይን ሥር፣ በዋዜማው፣ በራሴ እጅ። አማቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እማማ ባዩሽ ሄደው አጥሩን ነቀነቁ። አልነቃነቅ አለ። መቀርቀሪያውን አዩ። ብሩኬን አንሥተው ግንባሯን ዳበሱ፣ ያ እብጠት የነበረበትን፣ አሁን ምንም የለበትም።

"ልጅቷ ትቅር" አሉ። "እሷስ በር መዝጋት ታውቃለች። ይዤው መውጣት የነበረብኝ አባቷን ነው።"

ጋሽ ልዑልሰገድ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ። ማን ያየዋል ይሄን ደብተር?

ብርቅዬ ከሥራ ስትገባ እናቷ የልጅቷን የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ መደርደሪያ ውስጥ ሲከቱ አገኘቻቸው። ሄዳ አቀፈቻቸው። እሷም ወሬ ነበራት፤ ከበዓሉ በኋላ ቋሚ ናት!

ጥር 4፣ እሑድ

ብሩኬ ዛሬ ወደቀች።

ምንጣፉ ላይ፣ በቂጧ። አጥሩን ለቅቃ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ ዘፍ አለች። ማንም አልሮጠም። ብርቅዬ ሽንኩርቷን መክተፍ አላቋረጠችም። እኔ አጥሬ ውስጥ ነበርኩ፣ ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሳልሠራ፣ እንዲሁ ለምዶብኝ ተቀምጬ። ብሩኬ አየችን። የሚያለቅስላት ስታጣ ተነሣች። ደግማ ሄደች። ደግማ ወደቀች። ተነሣች።

እስከ ማታ ስንቴ እንደወደቀች እንጃ። መቁጠር ተውኩ። አማቴ ግን ቢጠይቁ "አንዴም" ነው የምለው።

በመጨረሻ አጥሩ ጋ ደርሳ የታኘከውን ቀሰም በላይ በኩል አቀበለችኝ። ተቀበልኳት። ነገ ክር እጠመጥምበታለሁ።